ዶሮዋ ተመለሰች፣ ስኳሩ አልተመለሰም

በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ሊማሊሞ ላይ ተገለበጥን። ያኔ የ22 ዓመት ጎረምሳ፣ የአንድ ፊያት ኤን ትሬ ረዳት ነበርኩ። ከጎንደር ጭነን ወደ ሽሬ ነው የምንሄደው። መኪናው ላይ ስኳር በከረጢት፣ ተሳቢው ላይ ዘይት በጀሪካንና ሳሙና በካርቶን ነበር። ዳባት ላይ ምሳ በላን። ጋሼ፣ ሹፌሩን እንዲህ ነበር የምጠራው፣ አዲአርቃይ ላለች እህቱ አንዲት ቀይ ዶሮ ገዛና እግሯን በሲባጎ አስሮ ከመቀመጫዬ ሥር አስቀመጣት። ደባርቅ ስንደርስ ወርጄ ጎማ ደበደብኩ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመርን።

ሊማሊሞን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቃል። ታች የዛሪማ ቆላ ይታያል፤ ብርድ ላይ ቆመው ሙቀቱን ከሩቅ ያዩታል። መንገዱን ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ነው። አንዱን መታጠፊያ ሳይጨርሱ ሌላው ከእግር ሥር ይመጣል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ረዳት አይተኛም። ታኮውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል። ሹፌሩ "ታኮ!" ካለ መዝለል ነው።

ጋሼ "ታኮ" አላለም። "ንፋስ አለቀ" አለ፣ በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሰው። ፍሬኑ ሞቷል ማለት ነው። ማርሽ ሊቀንስ ሞከረ፣ አልገባለትም። ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ሕይወቴ ነው፤ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን ሰበረው። ተሳቢው ዞሮ መጣና ጋደም አለ፣ እኛም ከእሱ ጋር። ስነቃ ግራ እግሬ ከበሩ ሥር ነበር። ስኳሩ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፤ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት እረኞች ናቸው፤ ከዚያ ገበሬዎች መጡ። በሩን በግንድ ፈልቅቀው አወጡኝ። ከእንጨትና ከጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ከመንገዱ ዳር አንድ ቋጥኝ ሥር አስተኙኝ። አንዲት እናት አጠገቤ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ሸፈኑኝ። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አጥንት ነው፣ ይገጥማል" እያሉ ግንባሬን ይዳስሱኝ ነበር።

ከዚያ እነዚያው ሰዎች ወደ መኪናው ተመለሱ።

ጭንቅላቴን ደግፎ የተሸከመኝ ሰው ከረጢት ስኳር በትከሻው አድርጎ በፊቴ ሲያልፍ "አይዞህ ወንድሜ" ብሎኝ ሄደ። ከልቡ ነበር። ጋሼ ግንባሩ እየደማ "ኧረ ወገኖቼ፣ የሰው ንብረት ነው!" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሰደበውም፤ ዞር እያሉ ያልፉታል። የእኒያ እናት ልጅ አንድ ጀሪካን ዘይት አምጥታ ከጎናቸው አስቀመጠች። እማማ ቀና ብለው አላዩኝም። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ጀሪካኑን ሸፈኑት። በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው ዘይቱን።

አንድ አላፊ አይሱዙ ጭኖ ጎንደር ሆስፒታል አደረሰኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደባርቅ አክስቴ ቤት ተኝቼ ሳለሁ በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው። አጠያይቀው ቤቱን አግኝተውታል። ከነጠላቸው ሥር ቀይዋን ዶሮ አወጡ፣ ከዚያም ጭድ ውስጥ ተጠቅልለው የመጡ ሁለት እንቁላሎች። "ካንተ ወንበር ሥር ነው ያገኘኋት። እኔ ጋ ሆና ጣለች፤ እንቁላሉም የናንተ ነው" አሉኝ። ዘይቱን አላነሱም። እኔም አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ እግሬ ጭነት አልችል ስላለ ረዳትነቱን ተውኩ። በርቀት ሕግ ተምሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ሰዉ ራፖር ጸሐፊ ይለኛል። በዚህ ሥራ ላይ የተገለበጠ መኪና ጉዳይ በየጊዜው ይመጣብኛል። አንዴ ባለ ዕቃው ነው የሚመጣው፣ አንዴ ሹፌሩ፣ አንዴ ደግሞ ልጁ የታሰረበት አባት። እያንዳንዱን ስጽፍ የእማማ ዶሮና የእማማ ጀሪካን አብረው ይታዩኛል። አንድ ሰው እንቁላል ሳይቀር መልሶ ዘይት እንዴት ያስቀራል?

ሕጉን ላስቀድም፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1151 ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የኔ ይሁን ብሎ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህችን ነው፤ "የተገኘ ነገር ላገኘው" የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለዋል። ግን ባለቤት የሌለው ነገርና ከባለቤቱ የጠፋ ነገር ሁለት ናቸው። ወድቆ ለተገኘ ዕቃ ሕጉ ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ ለብቻው ደንግጓል። ያገኘ ሰው ያሳውቃል፣ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይመልሳል። ጠብቆ ያቆየ ሰው ደግሞ ለጥበቃው ያወጣውን መጠየቅ ይችላል።

የተገለበጠ መኪና ጭነት ግን ከሁለቱም አይደለም። አልጠፋም፤ የት እንዳለ ባለቤቱ ያውቃል። አልተጣለም፤ ማንም ይቅርብኝ ብሎ አልተወውም። ቦታውን ብቻ ነው የለወጠው፣ ከመኪና ላይ ወደ መሬት። ስለዚህ አንስቶ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የተደነገገው ስርቆት ነው፤ እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። በሰው መከራና በአደጋ አጋጣሚ ተጠቅሞ የሚፈጸም ስርቆትን ደግሞ ሕጉ አክብዶ ያየዋል። "ሁሉም ሲወስድ ነው የወሰድኩት" የሚለው መከላከያ አይሆንም፤ መቶ ሰው ቢወስድ መቶ ስርቆት ነው። በማግስቱ ወቅን ወይም ደባርቅ ገበያ ላይ ከየት እንደመጣ እያወቀ በግማሽ ዋጋ የሚገዛውም በአንቀጽ 682 ይጠየቃል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው "ወድቆ ያገኘሁት ነው እኮ" እያሉ የሚያለቅሱ እናቶች፣ ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ልጃቸው እቤቱ ነበር።

በባሕር ዳርቻ ያለው ሕዝብ ይህን ጥያቄ ከኛ ቀድሞ ተጋፍጦታል። መርከብ ሲሰበር ማዕበሉ ዕቃውን ወደ ዳር ይተፋዋል፤ የዳርቻው ሰው ደግሞ እግዜር የላከው ሲሳይ ነው ይላል። በርቀት ስማር አንድ መምህሬ የነገረኝ የእንግሊዝ ሕግ አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1275 የወጣ ነው። ከተሰበረው መርከብ ሰው፣ ወይም ውሻ፣ ወይም ድመት በሕይወት ከወጣ ዕቃው ባለቤት አልባ አይባልም ይላል። ንብረቱ ተጠብቆ ይቆያል፤ በዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ከመጣ ይመለስለታል። ይህን ስሰማ ክፍሉ ውስጥ ዝም ብዬ ቀረሁ። እኔ በሕይወት ወጥቻለሁ። ጋሼም ወጥቷል። ዶሮዋ ሳትቀር ወጥታለች። ከ700 ዓመት በፊት የነበረ ዳኛ የሊማሊሞን ስኳር ጉዳይ ቢያይ ዶሮዋን አስቀርቦ ይፈርድ ነበር።

ሕግ መኖሩ ግን የሰውን እጅ አላሰረም። በ2007 እንደ አውሮፓውያን፣ በጥር ወር፣ ኤምኤስሲ ናፖሊ የተባለች ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በማዕበል ተጎድታ ብራንስኮምብ በምትባል የእንግሊዝ መንደር አጠገብ መሬት ነካች። ኮንቴይነሮች ወደ ዳርቻው ተጠረጉ። ሰዉ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር መኪና እየነዳ መጣ። የቢኤምደብሊው ሞተር ብስክሌት እየገፉ፣ የወይን በርሜል እያንከባለሉ፣ የሕፃን ዳይፐር ታቅፈው ሄዱ። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ሹም እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ባለቤቱ ደግሞ አንድ ዓመት አለው። ከኮንቴይነሮቹ በአንዱ ውስጥ ከስዊድን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዝ የአንድ ቤተሰብ የቤት ዕቃ ነበር። ያም ተበረበረ። እነዚያ ሰዎች የራባቸው አልነበሩም። የኛን ሰው ድህነት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው የሚል ካለ ብራንስኮምብን ያስብ።

የኛም አገር ለዚህ ባዶ እጁን አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምህ በሬ ወይም በግ ሲባዝን ብታይ አይተህ እንዳላየህ አትለፍ፤ ባለቤቱን ካላወቅኸው እስኪፈልገው እቤትህ አቆየው ይላል። በሬው ብቻ አይደለም፤ ልብሱም፣ የጠፋበት ማንኛውም ነገር እንደዚያው ነው። በእስልምናም ወድቆ የተገኘ ዕቃ አንድ ዓመት ሊታወጅ ይገባል። እኔ ባደግሁበት አጥቢያ ቅዳሴ ሲያልቅ ቄሱ "እንዲህ ያለ ዕቃ የጠፋበት" ብለው ይናገሩ ነበር። ባለቤቱ አጥቶ ካጣው ደግሞ ያስገዝታል፤ ግዝቱ የወሰደውን ሰው እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊት ደጃፍ ላይ ተመልሶ የተገኘ ማረሻ አይቻለሁ። ከዚያም በፊት አውጫጭኝ ነበር፤ አገሬው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ የሚቀመጥበት። ግን አውጫጭኝ የሚሠራው ሌባው አንድ ሲሆን፣ ሌላው ንጹሕ ሲሆን ነው። አገር ሙሉ ስኳር ሲሸከም ማን ማንን ያውጣጣል? ቄሱስ ማንን ይገዝታሉ፣ የክርስትና ልጆቻቸው ሁሉ ጀሪካን ይዘው እያዩ?

የእማማ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ዶሮዋ ባለቤት ነበራት፤ ከእኔ ወንበር ሥር ወጥታለች፣ እኔ ደግሞ ነጠላቸው ሥር ተኝቻለሁ። ስኳሩና ዘይቱ ግን በእማማ ዓይን የማንም አልነበሩም። የመኪናው ነው፣ የነጋዴው ነው፣ የመንግሥት ነው፣ የኢንሹራንስ ነው። ፊት የለውም። ሰው ፊት ለሌለው ነገር ግዝት አይፈራም።

ፊቱን ላሳያችሁ። ጭነቱን በመንገድ ላይ የሚጠብቀው አጓጓዡ ነው፤ የፍሬን ብልሽት ከተጠያቂነት አያወጣውም። ባለ መኪናው ደግሞ ወደ ሹፌሩ ይዞራል። የሽሬው ነጋዴ ስኳሩን በዱቤ ነበር ያነሳው። ጋሼ ሁለት በሬ ሸጠ፤ የሚስቱን የአንገት ወርቅ ሸጠ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት በግማሽ ደሞዝ ሠራ። ኢንሹራንስ አለው የሚባለውም እንደሚታሰበው አይደለም። ሁሉም ጭነት የመድን ዋስትና የለውም። ካለውም፣ የከፈለው ድርጅት በባለ ዕቃው እግር ተተክቶ ዕቃውን ያነሳውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ዕዳው አይጠፋም፤ ከትከሻ ወደ ትከሻ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻም የሚያርፈው ከሁሉ ቀጭኑ ትከሻ ላይ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ አባቶች። እኔ ከዛፉ በኩል ሆኜ ነው ምሳሩን ያየሁት።

አንድ ጥያቄ ግን አልክድም፤ ደጋግመው ይጠይቁኛል። "አፈር ላይ የፈሰሰውስ? ለዝናብ ከሚቀር ብንወስደው ምን ነውር አለው?" ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከአፈር የተቀላቀለ ስኳር ነጋዴው አይሸጠውም። ግን ቃርሚያ እንኳ ሥርዓት አለው፤ ለድሃ የሚተርፈው ባለ እርሻው አጭዶ ከሄደ በኋላ ነው። ልምድ ያላቸው የሊማሊሞ ሹፌሮች ይህን ያውቁበታል። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ከመጡት መካከል በዕድሜ ጠና ያለውን መፈለግ ነው። "አባቴ፣ የፈሰሰው የናንተ ነው፤ የተቋጠረውን ጠብቁልኝ፣ የጥበቃችሁን እከፍላለሁ" ይላል። ደባርቅ አካባቢ ይህ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አባትየው ከዘራቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው ቆሙ፤ ወጣቶቹ ከረጢቱን ቆጥረው ደረደሩ፤ ሴቶቹ የፈሰሰውን በወንፊት አበጠሩ። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሌሊቱን እሳት አንድደው ጠበቁ። ከተቋጠረው አንድም አልጎደለም።

ባሕረኞቹም የደረሱበት እዚሁ ነው። የሰመጠ መርከብ ዕቃ ያዳነ ሰው ዕቃውን አይወስድም፤ ስላዳነበት ይከፈለዋል። አገራችን የባሕር በር በነበራት ዘመን፣ በዚያው በ1952 የወጣው የባሕር ሕግም ስለ መርከብ እርዳታና ዕቃ ማዳን ይደነግጋል። የተገለበጠ መኪና ላገኘ መንደርም እንደዚህ ያለ ግልጽ ሥርዓት ቢኖረን እላለሁ። ወረዳው፣ መድን ድርጅቶቹና የባለ መኪና ማኅበራት ተቀምጠው ዕቃ ቆጥሮ ላስረከበ መንደር የሚከፈል የታወቀ ዋጋ ቢወስኑ፣ ብዙ ከዘራ መንገድ ላይ ይጋደም ነበር።

ስለ ነዳጅ ግን ድርድር የለም። ቦቲ ከተገለበጠ ሽሹ፤ ጀሪካን ይዛችሁ አትሂዱ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ ከተገለበጠ ቦቲ ነዳጅ ሊቀዱ ከተሰበሰቡት 100 ገደማ ሰዎች በእሳት አለቁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ፓኪስታን ውስጥ ባሃዋልፑር አጠገብ ከ200 በላይ ሞተዋል። እነዚያም የኛው ዓይነት ገበሬዎችና ልጆች ነበሩ።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ገጠር ውስጥ ከገባ በኋላ ለወራት የጻፍኩት የተዘረፈ ንብረት ዝርዝር ነበር። አንዲት ላም፤ ሁለት ጎታ ገብስ፤ አንድ ምጣድ፤ የልጅ ደብተር። የሚያስጽፉኝ ሰዎች እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ነበር የሚጠሩት፤ ላሚቱን በስሟ፣ ምጣዱን ከማን እንደተገዛ ጭምር። ከመካከላቸው አንዱን አወቅሁት። ሊማሊሞ ላይ ጭንቅላቴን ደግፎ የተሸከመኝ ሰው ነው፤ ዳባት በኩል ሚስት አግብቶ ኖሯል። እሱም አወቀኝ፤ እግሬን አየ። ዝርዝሩን ጨርሰን ሊፈርም ሲል "ያ ሹፌር እንዴት ሆነ?" አለኝ። ስለ በሬዎቹና ስለ ወርቁ ነገርኩት። ብዙ ቆየ። "እኛ እኮ የሰው አልመሰለንም" አለኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎልማሳ ሴት ካርቶን በነጠላ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ከሳምንት በፊት ከተገለበጠ መኪና ልጇ ያመጣው ዘይት ነው። ፖሊስ ጋ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ አለችኝ። አብረን ሄድን። ፖሊሱ ካርቶኑን ከፍቶ ቆጠረና መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ የምግብ ዘይት፣ ባለ 1 ሊትር፣ 12 ጠርሙስ፣ አንዱ የተከፈተ።

"የተከፈተችውን ምን ያህል ልክፈል?" አለች።

ፖሊሱ አያስፈልግም አላት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፤ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ለመሄድ ግን አልተነሳችም።

"ረዳቱ ልጅ ተርፏል?"

"ተርፏል። ጎንደር ነው ያለው፣ ሆስፒታል።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

ፖሊሱ መዝገቡን ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገለጠና ነገራት።